ጠጕር ከመተከሉ በፊት ራስን መላጨት ያስፈልጋልን?

በጅቡቲ ከተማ ራሱን የተላጨ ሰው ማየት የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት፥ ኀምሲን የሚባለውም ደረቅ ነፋስ አቧራ እየነዳ በሚያመጣበት ወራት፥ ጠጕርን ከሥሩ አስወርዶ መዋል ለብዙ ሰው ዕረፍት ነው። ባሕሩን ተሻግሮ መካ ደርሶ የሚመለሰውም መንገደኛ የሐጁን ወይም የዑምራውን ሥርዐት የሚፈጽመው ራሱን በመላጨት ወይም ጠጕሩን በማሳጠር ስለ ሆነ፥ ተላጭቶ ወደ ሱቁ ቢገባ ጎረቤቶቹ ‹‹እንኳን ደኅና መጡ፥ አላህ ይቀበልዎ›› ይሉታል እንጂ ምን ነካዎ ብለው አይጠይቁትም። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ነገሩ የተለየ ነው። በዚያ የተላጨ ራስ የሐዘን ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፥ ‹‹ማን ሞተብዎ?›› የሚለው ጥያቄ ከሰላምታው ይቀድማል።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ራስን የሚያስላጭ ሌላ ምክንያት መጥቷል፤ ይኸውም የጠጕር ተከላ ነው። ግንባሩ የተገለጠ ወይም ዐናቱ የሳሳ ሰው ከገዛ ራሱ በስተኋላ የጠጕር ሥር አስወስዶ ወደ ፊት የሚያስተክልበት ይህ ሕክምና በብዙ አገር የሚሠራ ሲሆን፥ ከሁሉ ይልቅ ስሟ የሚጠራው ኢስታንቡል ናት። የቱርክ አየር መንገድ ከጅቡቲ ወደዚያች ከተማ ስለሚበር፥ ለከተማው ነጋዴም ሆነ ለመንግሥት ሠራተኛ ጕዞው የሚያስቸግር አይደለም። ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ከሄደው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ቀን ያቆያል? ራስንስ ይላጫሉን? ሦስተኛው ጥያቄ የአፍረት ስለሚመስል በመጨረሻ፥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ይጠየቃል። ነገር ግን ከሦስቱ ይልቅ ለሥራው ውጤት የሚቀርበው እርሱ ነው።

ሐኪሙ አዲስ ጠጕር አይፈጥርም፤ ያለውን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ያዛውራል። ይህም የሚቻለው ከጆሮ እስከ ጆሮ በስተኋላ ዞሮ የሚገኘው ጠጕር በውርስ ከሚመጣው መመለጥ በአብዛኛው የሚተርፍ በመሆኑና፥ ወደ ግንባር ተወስዶ ሲተከልም የቀድሞ ጠባዩን ይዞ ስለሚኖር ነው። ይህን ጠባይ ኖርማን ኦረንትራይክ የተባሉት የኒው ዮርክ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ሥራውን ጀምረው በ1959 በጽሑፍ አስታወቁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሳቸውም በፊት ሾጂ ኦኩዳ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ጠጕር ያለበትን ቆዳ በክብ መቍረጫ እያወጡ በመትከል ያገኙትን ውጤት በ1939 አሳትመው ነበር፤ ዳሩ ግን ጽሑፉ በጃፓንኛ ስለ ነበረና የዓለም ጦርነትም ስለ ተከተለ፥ በሌላው ዓለም ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቀረ። በዚያን ጊዜ የሚወጣው ቁራጭ ወደ 4 ሚሊሜትር የሚደርስ ስፋት ነበረውና፥ የተተከለው ጠጕር በአሻንጉሊት ራስ ላይ እንደሚታየው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ የሚወሰደው ከአንድ እስከ አራት ጠጕር ብቻ የያዘ ጥቃቅን ሥር ነው።

ሥሩን ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከበስተኋላ ጠባብና ረጅም የቆዳ ቅዳጅ ቈርጦ፥ ቍስሉን ሰፍቶ፥ ቅዳጁን በማጕያ መነጽር እያዩ ወደ ሥሮች መለያየት ነው። ሁለተኛው ራስማንና በርንስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 የገለጡት ሲሆን፥ ቆዳውን ሳይቀዱ እያንዳንዱን ሥር ለየብቻው መንቀል ነው። የኢስታንቡል ሥራ በአብዛኛው ይኸው ሁለተኛው ነው፤ የመላጨትም ጥያቄ የሚነሣው በእርሱ ምክንያት ነው።

መንቀያው ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ቱቦ ሲሆን የአፉ ስፋት አንድ ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሐኪሙ ይህን ቱቦ በጠጕሩ ዙሪያ አሳርፎ ወደ ቆዳው ያስገባል። ጠጕር ከቆዳ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተጋድሞ ስለ ሆነ፥ ቱቦው ከጠጕሩ ዝንባሌ ትንሽ ቢያፈነግጥ ሥሩን ከመካከሉ ይቈርጠዋል፤ የተቈረጠውም ሥር ለሁለቱም ስፍራ ሳይሆን ሊቀር ይችላል። በአንድ ቀን ሁለት ሺህ ወይም ሦስት ሺህ ሥር በሚነቀልበት ሥራ ላይ ይህ ስሕተት ቢደጋገም ምን ያህል እንደሚያጠፋ ሂሳብ ለሚያውቅ ነጋዴ መንገር አያስፈልግም። በራስ ላይ ያለው ሀብት የተወሰነ ነው፤ ከተነቀለው ስፍራ ሁለተኛ አይበቅልም።

እንግዲህ ጠጕሩ ረጅም ከሆነ በሚዞረው ቱቦ ላይ ይጠመጠማል፥ ደምም ያያይዘዋል፥ የቆዳውንም ፊት ይሸፍናል። ጨርሶ በምላጭ ከተወገደ ደግሞ ዝንባሌውን የሚያሳይ፥ በወረንጦም የሚያዝ ነገር አይቀርም። ለሐኪሙ የሚመቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ግንድ ሲቀር ነው። በሌላ አነጋገር በተለምዶ መላጨት ይባል እንጂ፥ የሚፈለገው ማሳጠር ነው፤ መሣሪያውም ምላጭ ሳይሆን ቶንዶስ ነው። ይህ ልዩነት በቃል ሲነገር እንደ ጥቃቅን ነገር ይታያል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ለሐኪሙ ሥራ ያቃለለ መስሎት በጕዞው ዋዜማ ወደ ሰፈሩ ጠጕር አስተካካይ ሄዶ፥ ራሱን እንደ ዕንቍላል አስለጭቶ አውሮፕላን ይሳፈራል። እንዲህ ያለው ሰው ግንዱ እስኪበቅል ሁለትና ሦስት ቀን በሆቴል መጠበቅ ይገደድ ይሆናል፤ የሆቴሉን ሂሳብ የሚከፍለውም እርሱ ነው።

ምላጭ ሌላም ነውር አለበት። ዓይን የማያየው ጭረት በቆዳ ላይ ትቶ ስለሚሄድ፥ በዚያ ጭረት ውስጥ ጀርም ያድራል። በ1971 ሴሮፒያንና ሬይኖልድስ የተባሉ አሜሪካውያን ባወጡት ጥናት፥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በሽተኞች መካከል በምላጭ ከተላጩት ከመቶ 5.6 ቍስላቸው ሲያመረቅዝ፥ ጠጕራቸው ካልተነካ ወይም በመድኃኒት ከተወገደላቸው ግን የመረቀዘባቸው ከመቶ 0.6 ብቻ ነበሩ። ከቀዶ ሕክምናው ከ24 ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ የተላጩት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ጕዳት አገኛቸው፤ ቍጥራቸው ከመቶ 20 በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው መመሪያ፥ ለማናቸውም ቀዶ ሕክምና ጠጕር አስፈላጊ ካልሆነ በቀር እንዳይወገድ፥ መወገድ ካለበትም በመቍረጫ መኪና እንጂ በምላጭ እንዳይሆን አዝዟል። እርግጥ እነዚህ ቍጥሮች የተገኙት ከሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው፤ የራስ ቆዳም ደም የበዛበት ስለ ሆነ በቀላሉ አያመረቅዝም። ነገር ግን ሺህ ጊዜ ሊወጋ የተዘጋጀ ቆዳ አስቀድሞ በምላጭ መጫሩ ምን ጥቅም አለው? ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ያለ ማጽዳት የሚተላለፍ ምላጭ የጕበት በሽታንም ከደም ወደ ደም ሊያሸጋግር እንደሚችል ማስታወስ ይገባል።

እስከዚህ የተነገረው ለሁሉም አገር ሰው የሚሆን ነው። ለሶማሌው፥ ለአፋሩ፥ ለሐበሻው ግን ጠጕሩ ራሱ የሚጨምረው ነገር አለ። ጠቅላላ ምክር የሚሰጡ የማስታወቂያ ወረቀቶች ስለዚህ ጕዳይ ብዙ አይናገሩም።

ጥቅልል ጠጕር ከቆዳ በላይ ብቻ ሳይሆን ከቆዳ በታችም ይጠመዘዛል። ግንዱ ወደ አንድ ወገን ዘንብሎ ቢታይም፥ ሥሩ ከውስጥ እንደ ማጭድ ታጥፎ ወደ ሌላ ወገን ሊሄድ ይችላል። ቀጥ ያለ ጠጕር መንቀል የለመደ እጅ በዚህ ላይ ሲሠራ ብዙ ሥር ይቈርጣል። ስለዚህም ጠንቃቃ ሐኪም አጭር ግንድ አስቀርቶ፥ ሰፋ ያለ ቱቦ መርጦ፥ አስቀድሞ ጥቂት ሥሮች በመንቀል ይሞክራል፤ የሞከራቸው በደኅና ከወጡ ይቀጥላል፥ ከተቈረጡ ግን የቅዳጁን መንገድ ያማክራል ወይም ሥራውን ይተዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያጽናና ነገርም አለ። ጥቅልሉ ጠጕር ሲያድግ ብዙ ቆዳ ይሸፍናልና፥ ቀጥ ያለ ጠጕር ካለው ሰው ባነሰ ቍጥር የተሞላ መልክ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ጠባሳ ነው። ጥቁር ቆዳ ካላቸው ሰዎች መካከል ቍስላቸው ከዳነ በኋላ ጠባሳው ከልኩ አልፎ እያበጠ የሚወጣባቸው፥ ኬሎይድ የሚባለው ጠባይ ያላቸው፥ ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ብዙ ናቸው። እንዲሁም በማጅራታቸው ላይ ጠንካራ እባጭ ተደርድሮ የሚወጣባቸው ወንዶች አሉ። ይህ ሕመም ጠጕርን ከቆዳው ጋር አስጠግቶ በመላጨት ይባባሳል፤ የተቈረጠው ጥቅልል ጠጕር ሹል ጫፉን ወደ ቆዳው መልሶ ስለሚወጋ ነው። የሕመሙ ስፍራ ደግሞ ጠጕር ለመንቀል በሚፈለገው ቦታ ግርጌ መሆኑን ልብ ይሏል። እንደዚህ ያለ ምልክት በማጅራቱ፥ በጆሮው፥ በትከሻው ወይም በደረቱ ላይ ያለበት ሰው ከመላጨቱ በፊት ለሐኪሙ ማሳየት አለበት። የቶንዶሱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ማሳየት ዘግይቷል።

ከዚህ ላይ ዋናው ነገር ይመጣል። መመርመር ከመቍረጥ መቅደም አለበት። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን እንዲህ ነው፦ ሰውየው ከጅቡቲ ሳለ በስልኩ አራት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይልካል፥ ዋጋውም በስልክ ይቈረጣል፥ ቀብዱም ይከፈላል። ኢስታንቡል በገባ ማግሥት ጧት ወደ ሕክምናው ቤት ይወሰዳል፥ ወረቀት ይፈርማል፥ በግንባሩ ላይ በቀለም መስመር ይሰመርለታል፥ ወዲያውም ይላጫል። የሚላጨው ሠራተኛ ነው፥ የሚነቅለውም አንዳንድ ጊዜ ሠራተኛ ነው። ሐኪሙ ብቅ ብሎ ይሄዳል፥ ወይም ፈጽሞ አይታይም። የጠጕር ተከላ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበርም ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች እጅ ስለሚሠራው ተከላ ሕዝብን ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል።

ጠጕሩ ሳይቈረጥ ሐኪም ያየው ሰው የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። የሳሳው ክፍል ወዴት እንደሚሄድ፥ ከፊት የቀረው ጠጕር ምን ያህል እንደሚሸፍን፥ ሰውየው ጠጕሩን እንዴት አድርጎ ማበጠር እንደለመደ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ከበስተኋላ አንዲት ትንሽ ስፍራ ብቻ አሳጥሮ በመነጽር መቍጠር፥ ግንዱም ወፍራም ይሁን ቀጭን መለካት ይቻላል። ምርመራው ‹‹አይሆንም›› የሚል ውጤት ቢያመጣ ሰውየው ኮፍያውን አድርጎ፥ እንደ መጣ ሊሄድ ነጻነት አለው። ራሱን ከተላጨና የቀለም መስመር ከተሰመረበት በኋላ ግን ‹‹ልተወው›› ለማለት ድፍረት የሚያገኝ ጥቂት ነው። በገበያ ሸቀጥ ሳይፈታ የማይገዛ ነጋዴ፥ በገዛ ራሱ ላይ ሲሆን ይህን ጥንቃቄ መርሳቱ ያስገርማል።

‹‹ሳይላጩ የሚተክሉ አሉ›› የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ልዩ ልዩ ሥራ አለ። አንዳንዱ ከበስተኋላ ብቻ ያሳጥርና የፊቱን ይተዋል። አንዳንዱ ከረጅሙ ጠጕር በታች እንደ መስኮት ያለ ጠባብ ስፍራ ብቻ ቈርጦ፥ ሥራው ሲያልቅ የላይኛውን ጠጕር እንደ መጋረጃ ያለብሰዋል። ሌላው የሚነቀሉትን ጠጕሮች ብቻ አንድ በአንድ እየመረጠ ያሳጥራል፤ ጨርሶ ሳያሳጥር ከነርዝመቱ የሚነቅልም አለ። ሁሉም ጊዜ ይፈጃሉ፥ ከፍ ያለ ችሎታ ይጠይቃሉ፥ ዋጋቸውም ይጨምራል፤ በአንድ ቀን የሚነቀለውም ቍጥር ያንሳል። ለጅቡቲ ወንድ ደግሞ መስኮቱ ብዙ አይጠቅምም። ጠጕሩን በአጭሩ የሚቈረጥ ሰው መጋረጃ የሚሆነው ከወዴት ያመጣል? በዚህ ከተማ ራሱን የተላጨ ሰው እንደማይጠየቅ ከላይ ተነግሯል፤ ስለዚህ ምሥጢሩን ለመጠበቅ ብሎ ሁለት እጥፍ ከሚከፍል፥ ሁሉንም እኩል አሳጥሮ ቢመለስ ይሻለው ይሆናል። የአዲስ አበባው ወይም የደሴው ሰው ሐሳብ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለሴቶች ነገሩ እጅግ የከበደ ነው። በዑምራ እንኳ ሴት የምትቈርጠው የጣት ጫፍ ያህል ብቻ ነው እንጂ አትላጭም። ሹሩባ ከልጅነት ጀምሮ በኀይል እየተሳበ ሲጎነጎን፥ የግንባሩና የጆሮ ግንዱ ጠጕር እየተነቀለ ሄዶ በመጨረሻ ሥሩ ይሞታል። እንዲህ ያለው መመለጥ በተከላ ሊጠገን ይችላል፤ መስኮቱም ሆነ የቅዳጁ መንገድ በተለይ የሚጠቅመው ለእነዚህ ሴቶች ነው፤ ረጅሙ ጠጕር ይሸፍነዋልና። ነገር ግን ከተከላው አስቀድሞ ጕንጕኑ መላላት አለበት፤ አለዚያ የተተከለውም ተስቦ ይነቀላል። ከዐናት ጀምሮ እየሰፋ ጠባሳ የሚተው ሌላ ዓይነት መመለጥ በጥቁር ሴቶች ላይ ስለሚታይ፥ ሕመሙ ሳይበርድ መትከል ከንቱ ድካም ነው። ነገሩ በሃይማኖት ይፈቀዳልን ብለው ለሚያስቡም፥ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅሕ አካዳሚ በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባደረገው ጉባኤ ለወደቀ ጠጕር ተከላን፥ ይልቁንም ለሴት፥ መፍቀዱ የታወቀ ነው።

ስለ ሽማግሌዎች ጥቂት ቃል መጨመር ይገባል። ነጭ ጠጕር አጥሮ ሲቈረጥ ከቆዳው ተለይቶ ስለማይታይ፥ ሐኪሞች ከጥቂት ቀን በፊት እንዲቀባ ይጠይቃሉ። በጅቡቲ ጎዳና ጢማቸውን በሒና አቅልመው የሚሄዱ አባቶች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል። ከራስ የሚወሰደው ሳይበቃ ሲቀር ከአገጭ በታች ያለው የጢም ሥርም ይወሰዳልና፥ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ጢምን ተላጭቶ መሄድም አይገባም።

የቀኑን ሂሳብ በሚመለከት፥ ሥራው ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን በማደንዘዣ መርፌ ይሠራል። በተተከለው ላይ የሚወጣው ቅርፊት በዐሥር ቀን ያህል ይረግፋል፤ ሥሩም እስከዚያው ይጸናል። በእነዚህ ቀኖች ቆብና ኮፍያ የተተከለውን እንዳይነካ፥ ፀሐይና ላብም እንዳይበዛበት ያስፈልጋል። ስለዚህ በኀምሲን ወራት ተተክሎ ወደ ጅቡቲ መመለስ ደግ አይደለም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ይመረጣል። የባሕር ዋና ለሳምንታት ይቀራል። ጫት የልብን ምትና የደምን ግፊት ስለሚያስነሣ፥ ሲጋራም የደም ሥርን ስለሚያጠብብ፥ ከቀትር በኋላ በትራስ ላይ ጋደም ብሎ መዋልን የለመደ ሰው ይህንም ልማድ ለጊዜው መተው ይኖርበታል። ግንባርን መሬት አስነክቶ መስገድና በውዱእ ጊዜ ራስን ማበስ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ሐኪምንና የሃይማኖት ዐዋቂን መጠየቅ ይገባል፤ የታመመ ሰው በምልክት እንዲሰግድ ፈቃድ እንዳለው የታወቀ ነው።

ያጠረው ጠጕር በወር ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ፥ ከበስተኋላ ያለው የመነቀል ነቍጥ ቶሎ ይሸፈናል። ፊት ለፊት የተተከለው ግን በሁለተኛውና በስምንተኛው ሳምንት መካከል ረግፎ ይወድቃል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው ገንዘቡ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። የረገፈው ግንዱ ነው፤ ሥሩ በስፍራው ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ቀጭን ጠጕር ማቆጥቆጥ ይጀምራል፥ ሙሉ መልኩም የሚታየው በዓመቱ ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ በቶንዶስ ያጠረው የኋላ ጠጕር አድጎ ብዙ ጊዜ ወደ አስተካካይ ቤት ተመላልሷል።